አስረኛዋ ጊደር

ማርያማዊት «ከወንድ ጋር መንታ ከተወለዱ አስር ጊደሮች ዘጠኙ መካን ናቸው» ስትላት፣ ሽታዬ የጊደሯን ገመድ በመዳፏ ላይ አንድ ዙር ጠቅልላ፣ «አስረኛዋስ?» አለች።

«አስረኛዋማ ትወልዳለች። ግን እትዬ፣ አስረኛዋን ማን አያት?»

«ይዣት ቆሜ የለም እንዴ።»

ማርያማዊት ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ሮብ ገበያ ካለው የእንስሳት ጤና ኬላ ላሞችን የምታዳቅል ባለሙያ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳን ያለፈች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቦቲ ጫማ ከእግሯ የማይወልቅ። ዕለቱ ረቡዕ፣ የገበያው ቀን ነው። የኬላውን በር ስትከፍት ይቺ አርባ አምስትን የተሻገረች ሴት ጊደር ይዛ፣ ከጮቄ በሚወርደው ብርድ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ቆማ አገኘቻት። ሽታዬ ደህና አደርሽ እንኳ ሳትል «እጅሽን ስደጂና ማህፀኗን እይልኝ» ነበር ያለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽታዬ ቦራ የምትባል ላም ነበረቻት። የቦራ እናት ሽታዬ ስትዳር ከአባቷ ቤት አብራት የመጣች ናት፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ከሽታዬ ጋር እኩል የገባ ዘር ማለት ነው። ቦራ ስትታለብ እንስራው ይሞላል፣ ጎረቤት ይጠጣል፣ አሁንም ከጡቷ ይንጠባጠባል። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት መንታ ወለደች፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። በዓመቱ ገደል ገብታ ሞተች። ወንዱ አድጎ ወይፈን ሲሆን ለሴት ልጃቸው ማጫ ሆኖ ሄደ። መጀመሪያስ ሽታዬ ጊደሯን ነበር ለማጫ ያቀረበችው፤ የወንድ ቤት ሽማግሌዎች ግን አንዴ አይተው «መንታዋን ነው የምትሰጡን?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሽታዬ ያን ቀን የጠጣችው ጠላ ሁሉ ኮመጠጣት። ጊደሯን ይዛ ገባች፤ ስሟንም ምትኬ አለቻት።

ምትኬ አደገች፣ ወዛች፣ ጠጉሯ ቅቤ እንደተቀባ ሆነ። ኮርማ ፈልጋ ግን አታውቅም። መውለድ የማትችል ላም መሲና ትባላለች፤ መሲና ደግሞ ትሰባለች፤ ምትኬ በሰባች ቁጥር መንደሩ አንገቱን ነቀነቀ። የሽታዬ ባል ዓለምነው አንድ በሬ ነው ያለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር እየተቀናጀ፣ ተራ እየጠበቀ ነው ያረሰው። ዘንድሮ ጎረቤታቸው መሪጌታ እንዳላማው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተማሪ የሚያስተምሩት፣ «ያቺን መሲና ስጠኝ፣ በሬዬን ውሰድ» አሉት። ለቅዳሜ የእናታቸው ሙት ዓመት ሊያርዷት። ዓለምነው ደስ ብሎት ቃል ሰጠ። ልውውጡ ዛሬ ገበያው መሀል፣ እማኝ ባለበት ሊሆን ነው።

ሽታዬ ጊደሯን እየሳበች ቀድማ ወጣች። ገበያው ጋ ስትደርስ አልቆመችም። በቀጥታ ወደ ኬላው ታጠፈች።

«አንቺ ሴት» አለ ዓለምነው፣ ከአጥሩ ውጭ ብቅ ብሎ። ሲሮጥ መምጣቱ ከትንፋሹ ያስታውቃል። «ገበያው ወዲያ ነው። መንገዱ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም። እናንተ ወግ ይዛችሁ ስትጎተቱ እኔ ጉዳዬን ልጨርስ ብዬ ነው።»

«ምን ጉዳይ አለሽ?»

«የምትኬ ጉዳይ።»

መሪጌታ በሬያቸውን ከአጥሩ ግንድ ላይ አሰሩና ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ገቡ። «ሽታዬ፣ ቃል ተሰጣጥተናል እኮ። ካህናቱን ጠርቻለሁ። ጠላውም ደርሷል።»

«ቃል የሰጠው ዓለምነው ነው፣ መሪጌታ። እኔ አፌን አልከፈትሁም።»

«አፍሽን ያልከፈትሽበትን ቀንስ ንገሪኝና በዓል ላድርገው» አለ ዓለምነው።

ማርያማዊት በሁለቱ መሀል ገባች። «አባቶች፣ እኔም ይህንኑ እየነገርኋቸው ነው። የቀረኝ ጓንት ሦስት ነው፤ ኮርማ ለፈለጉ ላሞች የማስቀምጠው። ይቺ ምልክት አላሳየችም፣ በዚያ ላይ የወንድ መንታ ናት።»

ሽታዬ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ትምህርቷን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው፤ ሰው አንድን ነገር «ይኸው ነው» ብሎ ሲዘጋባት ግን ልጅ ሳለችም አትወድም ነበር።

«እሺ፣ ጓንቱ ይቅር» አለች። «ለምን እንደማትወልድ ንገሪኝ። 'ይባላል' አይደለም የምልሽ፤ ለምን። ልቤ ካመነ ይቺን ገመድ ለመሪጌታ በገዛ እጄ እሰጣቸዋለሁ። እማኝም አልፈልግ።»

ዓለምነው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ንገሪያት፣ ልጄ። ንገሪያት በሞቴ።»

ማርያማዊት ከብት ከሚታሰርበት አግዳሚ እንጨት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ቶሎ ልትገላገል ነበር ያሰበችው፤ ኋላ ግን ነገሩ ራሷን ይዟት ሄደ።

«መጀመሪያ ጥጃ የሚባል ነገር የለም፣ እትዬ። አንዲት እንቁላል ናት፤ ዓይን የማይዛት፣ ነጥብ። የኮርማው ዘር ሲገባባት ለሁለት ትከፈላለች። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት። እነዚህን ነው ሴል የምንላቸው። በዚያን ጊዜ ሁሉም አንድ ናቸው። አንዷን ነጥለው 'አንቺ ምንድን ነሽ?' ቢሏት መልስ የላትም። ዓይን ልትሆን ትችላለች፣ ሰኮና ልትሆን ትችላለች።»

«ጡትም?»

«ጡትም።»

«እሺ፣ ከዚያ።»

«ከዚያ መለያየት ይጀምራሉ። የመጀመሪያው መለያየት ምን እንደሆነ ልንገርዎት? ከዳር ያሉት የእንግዴ ልጅ ይሆናሉ፤ ከመሀል ያሉት ጥጃዋን ይሆናሉ።»

ሽታዬ ገመዱን ለቀቅ አደረገችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስንት የእንግዴ ልጅ ስትቀብር የኖረች ሴት ናት፤ የላሟ ነው ስትል ነበር፣ ከላሟ ሆድ የወጣ ትርፍ ነገር። «ቆይ፣ ቆይ። የእንግዴ ልጁና ጥጃዋ ከአንድ እንቁላል?»

«ከአንድ እንቁላል።»

«እና ስሙን ልጅ ያሉት የጥንት ሰዎች ያውቁ ነበር?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለች ማርያማዊት እየሳቀች። «ከመሀል የቀሩት ደግሞ እንደገና ይለያያሉ። የላይኞቹ ቆዳና ነርቭ፣ የመሀሎቹ ሥጋና ደም፣ የታችኞቹ አንጀትና ሳንባ። እያደር እየጠበበ ይሄዳል። ዓይን ለመሆን የገባ ከዚያ ወዲያ ሰኮና ልሁን አይልም።»

መሪጌታ ሳያስቡት ወደ አግዳሚው ተጠግተው ነበር። «ይህማ የእኔ ተማሪዎች ናቸው» አሉ። «ሁሉም ሲመጡ ፊደል ነው የሚቆጥሩት፤ ዳዊት ይደግማሉ፣ ያን ጊዜ አንዱን ካንዱ አትለየውም። ኋላ አንዱ ዜማ ቤት ይገባል፣ አንዱ ቅኔ ቤት፣ አንዱ ቅዳሴ። አሥር ዓመት ቅኔ የቆጠረ ሰው ድንገት ተነስቶ ድጓ ምራ ቢሉት አይመራም።»

«ልክ እንደሱ፣ የኔታ። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ የእነዚህ መጽሐፍ አይለያይም። ሰኮና የሆነችውም፣ ዓይን የሆነችውም መላው መጽሐፍ በእጃቸው ነው፤ አንድ ገጽ አልጎደለባቸውም። የምትገልጠው ገጽ ነው የሚለያየው። ሌላው ተዘግቶ ይቀመጣል።»

«ዓይኗ ውስጥም የጡቷ ነገር ተጽፏል?» አለች ሽታዬ።

«ተጽፏል። ዓይኗ ግን አታነበውም።»

ሽታዬ ዞር ብላ የምትኬን ዓይን አየች፤ ያ ትልቅ ጥቁር ዓይን ዝንብ እያራገፈ ያያታል። ቦራ ሙሉዋን እዚያ ውስጥ ተጽፋ።

«ማን ነው ታዲያ 'አንቺ ይህን ግለጪ' የሚላት?» አሉ መሪጌታ። «መምህር የላቸውም።»

«ጎረቤቷ። የተቀመጠችበት ቦታና አጠገቧ ያለችው። አንዷ ለሌላዋ መልእክት ትልካለች፤ 'እኔ ይህን ሆኛለሁ፣ አንቺ ያን ሁኚ' እንደማለት።»

«እግዚአብሔር ነው በይ።»

«እግዚአብሔር በጎረቤት በኩል፣ የኔታ።»

«ይሁን» አሉ መሪጌታ፣ ደስ ብሏቸው።

ዓለምነው ትዕግስቱ አለቀ። «ወደ መካኗ ተመለሺ እንጂ።»

«መጣሁ፣ ጋሼ። ሽሉ ሆድ ውስጥ እያለ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰቡ ሴሎች አሉ። ወንድ ይሁኑ ሴት ገና አልቆረጡም፤ የሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ኋላ የወንዱ ቀድሞ ይቆርጣል፣ ቆለጥ ይሆናል። የሴቷ ዘግየት ብሎ እንቁላል የሚቀመጥበት ይሆናል። እንግዲህ መንታ ሲሆኑ የሁለቱ የእንግዴ ልጅ ይጋጠማል፣ የደም ሥራቸው ይገናኛል። ወንዱ 'ወንድ ነኝ' ብሎ የላከው መልእክት በደሙ ተሻግሮ እህቱ ጋ ይደርሳል። የእሷ ሴሎች ይሰሙታል። ያልተላከላቸውን ይሰማሉ፤ ይሄኔ ወንድም ሳይሆኑ ሴትም ሳይሆኑ ይቀራሉ። ማህፀኗም ሳያድግ ይቀራል። ከውጭ ሲያዩዋት ቆንጆ ጊደር ናት፤ ከውስጥ ግን ባዶ።»



ሽታዬ ገባት። ክፉኛ ገባት። ይህን ሁሉ ከመስማቷ በፊት «ይባላል» ነበር፤ አሁን ግን ያ ደም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር እንደ ቦይ ውሃ ይታያታል። «ደም የማይገናኝበት የለም?» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«አስረኛዋ እሷ ናት። የሁለቱ የእንግዴ ልጅ ሳይጋጠም ለየብቻ ያደገ ከሆነ መልእክቱ አይሻገርም። የተወለዱ ለት አንድ ነው የወጣው፣ ሁለት?»

«አንድ» አሉ ባልና ሚስት እኩል።

ማርያማዊት አንገቷን ደፋች። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ፣ በቀስታ፣ ሰው ሬሳ ሲሸኝ እንደሚያደርገው። ሽታዬ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ከመዳፏ ላይ ገመዱን መፍታት ጀመረች።

«አንድ ነው» አለ ዓለምነው፣ ጎመን እንደበላ ሰው ቀለል ብሎት። «ራሴ ነኝ ከኮሶው ሥር የቀበርሁት።»

የሽታዬ እጅ ቆመ። ይህ ነገር በቤታቸው የከረመ ጠብ ነው። የእንግዴ ልጅ ውሻ ከበላው ላሟ ወተት ትነሳለች ስለሚባል፣ በእነሱ ቤት የቀበረው ሰው ይመሰገናል፤ ቦራ ያን ዓመት ወተቷ ጎርፍ ስለነበረ ሁለቱም ምስጋናውን ለራሳቸው ሲጎትቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልቧ ቢያዝንም ምላሷ አላለፈውም።

«ዛሬም ትዋሻለህ? እዚህ ሰው ፊት? ከጌሾው አጠገብ በገዛ እጄ የቀበርሁትን።»

«ከኮሶው ሥር ነው፣ አንቺ ሴት። ፀሐይ ስትጠልቅ። ገና ጥጆቹን እንኳ ወደ ቤት አላስገባሽም ነበር።»

«ጥጆቹንማ አስገባሁ። አንተ ጠግበህ ስትተኛ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጎህ ሲቀድ ነው የጣለችው። ውሻው ሲያሽተው በእንጨት መትቼ አባርሬ—»

«ስሙኝ» አለች ማርያማዊት።

«—ጉድጓዱንም በዶማ የቆፈርሁት እኔ። አፈሩ ውርጭ ይዞት እጄን ልጦኛል።»

«እኔ ደግሞ በአካፋ ነው የቆፈርሁት» አለ ዓለምነው። «አካፋው የመሪጌታ ነው። ይመስክሩ።»

«አካፋዬን ወስደሃል» አሉ መሪጌታ። «በማግስቱ ነው የመለስኸው፤ አፈሩ ደርቆበት።»

«ስሙኝ እንጂ» ማርያማዊት ከአግዳሚው ላይ ዘላ ወረደች። «ጋሼ ዓለምነው፣ እርስዎ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀበሩ። በዓይንዎ አይተው፣ በእጅዎ ይዘው?»

«በእጄ።»

«እትዬ ሽታዬ፣ እርስዎ ጎህ ሲቀድ።»

«በእጄ።»

«ታዲያ ሁለት ናቸው እኮ።»

ሽታዬ ባሏን አየችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸታም ስትለው የኖረችውን ሰው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሁለቱም በሌላው አፍ ላይ አፈር ሲያለብሱ መሀላቸው ያለውን አላዩም።

«መሪጌታ፣ እጅዎን ይሰብስቡ» አለች ሽታዬ፣ ገመዱን መልሳ እየጠቀለለች። «ጓንቱን አምጪው፣ ልጄ።»

ማርያማዊት አልተከራከረችም፤ እንዲያውም ሮጣ ነው የገባችው። ምትኬን በጠባቡ የእንጨት መያዣ ውስጥ አስገቧት፤ ዓለምነው ቀንዷን ያዘ፣ ሽታዬ ጭራዋን ወደ ጎን አደረገች። ማርያማዊት እስከ ትከሻዋ የሚደርሰውን ጓንት አጥልቃ ሳሙና ቀባችና እጇን በፊንጢጣዋ በኩል ቀስ አድርጋ አስገባች። ማህፀን በዚያ በኩል ነው የሚዳሰሰው፤ በመሀል አንድ ስስ ግድግዳ ነው ያለው። ገበያተኞች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ።

«ምን ጠፍቷት ነው የምትፈልገው?» አለ አንዱ።

«ቀለበቷ ወድቆባት» አለው ሌላው።

ማርያማዊት ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ከጊደሯ ዳሌ ላይ አስጠግታለች። «መካን ከሆነች፣ እዚህ ላይ ያልቃል» አለች ለራሷ። ትንሽ ገፋ አደረገች። «አላለቀም።»

«ምን?» አለች ሽታዬ።

«የማህፀን አንገት አለ። ጠንካራ ነው።» ቆየች። «ማህፀኑ አለ። በዚህ ይታጠፋል… በዚያም ይታጠፋል። ሁለቱም ጎን አለ።»

«እንቁላሉስ? እንቁላሉ ያለበት?»

«ዝም ይበሉኝ፣ እትዬ።»

ሽታዬ ዝም አለች። ዓለምነው በኋላ ለሰው ሲያወራ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው ይላል።

«የግራዋ ይቺት» አለች ማርያማዊት። «ባቄላ ታህላለች። ደህና ናት።» እጇ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ፊቷ ተቋጠረ። በጣም ቆየች። «በቀኟ ላይ እብጠት አለ።»

«በሽታ ነው?» አለ ዓለምነው፣ ቀንዱን ጥብቅ አድርጎ። ድምጹ ውስጥ በሬው የለም ነበር፤ እሱም ረስቶታል።

«አይደለም። እንቁላል ጥላ ነው፣ ጋሼ። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ቦታው ላይ የሚቀር እብጠት ነው። ይቺ ጊደር ከበሰለች ቆይታለች። ኮርማ ስትፈልግ ያላያችኋት እናንተ ናችሁ፤ አንዳንዷ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የምታሳይ፣ እሱም ጨለማ ላይ ከሆነ ማን ያያል? ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብቋት፤ ያን ጊዜ አምጡልኝ።» ዓይኗን ገለጠች። ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ስምንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለችዋን በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።»

አጥሩ ላይ ያሉት ሰዎች የተባለው ሳይገባቸው እልል አሉ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደገና ጠመጠሙ። «እንግዲህ የምትወልድ ጊደር ማረድ አይሆንልኝም» አሉ። «በሬዬን ወደ ገበያ ልውሰደው፤ ቅዳሜ ቀርቦብኛል።» ዓለምነው ከአጥሩ ግንድ ላይ ሲፈቱት አየ። መልካም በሬ ነበር፣ ሻኛው የቆመ። ከገበያው ሰው መሀል እስኪጠፋ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

«በመቀናጆ ነዋ ዘንድሮም» አለ።

«በመቀናጆ» አለች ሽታዬ። «ቅር አለህ?»

«አለኝ እንጂ።» ከዚያ የምትኬን ግንባር አሸት አሸት አደረገ። «ኮሶው ሥር ያለው የማናቸው ይሆን? የእሷ ወይስ የወንድሟ?»

ሽታዬ ግን አልሰማችውም፤ ጋቢዋን አውልቃ አግዳሚው ላይ አኑራለች፣ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰብስባለች።

«ጓንቱን እጠቢና ስጪኝ» አለች።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ልነካት ነዋ።»

«እትዬ፣ ይህ ለባለሙያ ነው። ዓመት እኮ ነው የፈጀብኝ—»

«ሃያ ዓመት አልቤያለሁ፣ ስንት ጥጃ ስቤ አውጥቻለሁ። ስጪኝ።»

ማርያማዊት የሴትዮዋን ፊት አየች፤ ጓንቱን አጥባ ሰጠቻት። መጀመሪያ ሽታዬ ያገኘችው ሙቀትና ፋንድያ ብቻ ነው። ማርያማዊት ከጎኗ ቆማ «ዝቅ፣ አሁን ወደ ቀኝ፣ እንዳይጨብጧት፣ በጣት ጫፍ ብቻ» እያለች መራቻት። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዲት ትንሽ ነገር ከጣቷ ሥር ሸሸች፤ ተመልሳም መጣች። በአንድ በኩሏ ጎበጥ ያለች፣ ጠንከር ያለች፣ የሞቀች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት። እዚያ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ዛሬ የተሠሩ አይደሉም፤ ዘንድሮም አይደለም። ምትኬ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ነው ተሠርተው ያለቁት። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተጨመረ፤ ተኝተው ተራ መጠበቅ ነው።»

ገደል የገባችው ቦራ ሆድ ውስጥ የተሠራ ነገር፣ በአባቷ ደጅ የጀመረ፣ ከጣቷ ጫፍ በዚያ ስስ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ነበር። ምትኬ ጆሮዋን አራገፈች፤ ዓለምነው ቀንዷን ይዞ የሚስቱን ፊት እያየ ምን እንደነካት ሊገባው ይታገላል።

«በቃ፣ እትዬ፣ እጅዎን ያውጡ» አለች ማርያማዊት። «ትደክማለች።»

«ቆይ» አለች ሽታዬ። «ግራዋን አልነካሁም።»